ስኳት እስከ የት ይወረዳል? እግሩን ማሳደግ ለሚፈልግ የጅማ ሰው

ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ጅማ ውስጥ ወደ አንዱ ጂም ጎራ በሉ። ባሩ ላይ የብረት መዓት የደረደረ ጎረምሳ አይጠፋም። ጓደኞቹ ከበውታል። ትንፋሹን ይስባል፣ ባሩን ከማስቀመጫው ያነሳል፣ ጉልበቱን ትንሽ ሰበር ያደርግና ቀጥ ብሎ ይቆማል። «አንበሳ!» ይባላል። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ከባዶ ባር ብዙም ያልበለጠ ተሸክማ፣ መቀመጫዋ ተረከዟ አጠገብ እስኪደርስ ቁጢጥ ትላለች። ቀስ ብላ ትነሳለች። ማንም ዞር ብሎ አያያትም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ሱሪ የሚጠበው እሷን ነው።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ግባችሁ እግር ማሳደግ ከሆነ ዋናው ሥራችሁ ሙሉ ስኳት፣ ማለትም ክብደት ተሸክሞ እስከ ታች ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ይሁን። ግማሹም ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ከሁሉ በፊት ግን የምትወርዱበትን ልክ ወስኑና አትልቀቁት።

ለምን? እኛ ጋ ብዙ ጂም ውስጥ ያለው ብረት ፋብሪካ የሠራው አይደለም። በያጅ ቤት ተቆርጦ፣ ቶርኖ ቤት ተበስቶ፣ «20» ተብሎ በቀለም የተጻፈበት ነው። እውነት 20 ኪሎ ይሁን ወይስ አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ፣ ሚዛን ላይ ያወጣው የለም። ባሩም እንደዚያው ነው። አንዱ ውስጡ ክፍት ቱቦ ነው፣ ሌላው ድፍን ብረት። ስለዚህ «120 ሠራሁ» የሚለው ወሬ ብዙም አይጨበጥም። የወረዳችሁበት ልክ ግን በሜትር ይለካል። ካለፈው ሳምንት ጋር አንድ መሆኑንም ማረጋገጥ ይቻላል።

1ኛ፦ የትኛው ሙሉ፣ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ለዩ

ሩብ ስኳት የሚባለው ጉልበት ሰበር ብቻ ሲል ነው። ከላይ ያየነው ጎረምሳ የሚሠራው እሱን ነው። ግማሽ ስኳት ጉልበት ወደ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ነው፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው። ሙሉ ስኳት የሚባለው ብሽሽታችሁ ከጉልበታችሁ አናት በታች ሲወርድ ነው። የፓወርሊፍቲንግ (የከባድ ብረት ማንሳት) ውድድር ዳኞች የሚያዩትም ይህንኑ ነው። ብሽሽት ከጉልበት በታች ካልሆነ ያ ማንሳት አይቆጠርም።

ሰው ራሱን ሲገምት ሁልጊዜ ያጋንናል። ወርጃለሁ ብሎ የሚምል ሰው ቪዲዮውን ሲያይ ዝም ይላል። ስለዚህ ስልካችሁን ከጎን በኩል፣ በጉልበት ከፍታ፣ የውሃ ጠርሙስ አስደግፉና ቅረጹ። ከፊት ወይም ከላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ይዋሻል።

2ኛ፦ ጡንቻው ምን እንደሚያገኝ እወቁ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2019 የጃፓን ተመራማሪዎች 17 ወንዶችን ለሁለት ከፍለው ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት 2 ቀን ስኳት አሠሩ። አንዱ ቡድን ጉልበቱን እስከ 140 ዲግሪ እያጠፈ ሙሉውን ወረደ፤ ሌላው 90 ላይ ቆመ። ከዚያ የጡንቻውን መጠን በኤምአርአይ ለኩ። የፊት ጭን በሁለቱም ቡድን ተቀራራቢ አደገ፤ ሙሉ የሠሩት 4.9 በመቶ፣ ግማሽ የሠሩት 4.6 በመቶ። የመቀመጫ ጡንቻ ላይ ግን ልዩነቱ ሰፋ፤ 6.7 በ2.2። የውስጥ ጭን ደግሞ 6.2 በ2.7። የኋላ ጭን በሁለቱም ቡድን ለውጥ አላሳየም።

ይህን ውጤት እንዴት እናንብበው? ግማሽ ስኳት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። 90 ድረስ በትክክል የሚወርድ ሰው የፊት ጭኑን ያሳድጋል። ግን ያው ድካም፣ ያው ላብ፣ ያው ሰዓት ላይ ትንሽ ዝቅ ብትሉ መቀመጫና የውስጥ ጭን ይጨመርላችኋል። እግር ሞላ የሚባለው ደግሞ ከፊት ብቻ አይደለም። ከኋላና ከውስጥም ሲታይ ነው።

ሩብ ስኳት ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የ12 ሳምንት ጥናት ጉልበታቸውን እስከ 120 ዲግሪ ያጠፉትን 60 ላይ ከቆሙት ጋር አነጻጽሮ ነበር። በጥልቀት የወረዱት የፊት ጭናቸው በተለካበት ቦታ ሁሉ አደገ። በ60 የቆሙት ያደጉት ከላይ ባሉት ጥቂት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ግማሽ ሳይደርስ የሚቆም ስኳት ለእግር ማሳደጊያ አይመከርም። እኔ ጊዜ ማባከን ነው እላለሁ።

ምክንያቱ ብዙም አይወሳሰብም። ጡንቻ ተለጥጦ እያለ ጭነት ሲያርፍበት ለማደግ ጥሩ ምልክት ያገኛል። መቀመጫና የውስጥ ጭን በደንብ የሚለጠጡት ደግሞ ታች ስትደርሱ ነው። የኋላ ጭን ግን ዳሌንም ጉልበትንም ተሻግሮ የሚያልፍ ጡንቻ ነው። ስትወርዱ በዳሌ በኩል ይለጠጣል፣ በጉልበት በኩል ደግሞ ያጥራል፤ ተጣፍቶ ርዝመቱ ብዙም አይለወጥም። ለዚህ ነው የቱንም ያህል ብትወርዱ ስኳት የኋላ ጭንን የማያሳድገው። ለእሱ የተለየ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል፤ ሳምንታዊው ዕቅድ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

3ኛ፦ «ጉልበት ያበላሻል» የሚለውን ፍርሃት ፍቱ

ይህ ወሬ የመጣው ከሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ካርል ክላይን የተባለ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጥልቅ ስኳት የጉልበት ጅማቶችን ያላላል ብሎ ጻፈ። አሠልጣኞች ተቀበሉት፣ ወሬው አገር ለአገር ዞረ። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ግን ያንን ውጤት ማግኘት አልቻሉም። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያሉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩ፣ የጉልበት ሎሚ ከኋላው ላይ ከፍተኛ ግፊት የሚያርፍበት 90 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ አገኙት። ግማሽ ስኳት የሚሠራው ሰው ቆሞ የሚመለሰው እዚያው ላይ ነው፤ ያውም ከባድ ብረት ተሸክሞ።

ደግሞስ ቁጢጥ ማለት ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው? ልብስ የሚያጥብ፣ ቡና የሚወቅጥ፣ ገበያ ላይ ጎመን የሚሸጥ ሰው ስንት ጊዜ ይቀመጣል፣ ይነሳል። የሚሰግድ ሰው ጉልበቱን በቀን ስንት ጊዜ እስከ መጨረሻው ያጥፋል። ጉልበት የተሠራው ለመታጠፍ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሳይለምዱ ከባድ ጭነት ሲጨመር ነው።

ይህ ሁሉ ለጤነኛ ጉልበት ነው። ጉልበቱ ያበጠ፣ እየቆለፈ የሚያስቸግረው፣ ወይም በቅርቡ ኳስ ላይ የተመታ ሰው ባር ስር ከመግባቱ በፊት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይየው።

4ኛ፦ ቁርጭምጭሚታችሁን ፈትኑ

ብዙ ሰው መውረድ የሚያቅተው እግሩ ደካማ ሆኖ አይደለም። ቁርጭምጭሚቱ ደርቆ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ጫማ አውልቁ። ግድግዳ ፊት ተንበርከኩና የአንድ እግራችሁን አውራ ጣት ከግድግዳው ወደ 10 ሳንቲሜትር አርቁ። ተረከዛችሁ ሳይነሳ ጉልበታችሁ ግድግዳውን ይነካል? ከነካ ጥሩ ነው። ካልነካ ይህንኑ ፈተና እንደ ልምምድ ውሰዱት። በየቀኑ ለእያንዳንዱ እግር 15 ጊዜ ያህል ወደ ግድግዳው ግፉ።

እስከዚያው ተረከዛችሁ ስር ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ጣውላ አድርጉ። ቀጭን ብረትም ይሆናል። ነውር የለውም፤ ክብደት አንሺዎች የሚያደርጉት ጫማም ተረከዙ ከፍ ያለው ለዚሁ ነው። የሩጫ ጫማ ግን ተዉ። ሶሉ ለስላሳ ስለሆነ ከባድ ስትሸከሙ ያወላግዳችኋል። ሸራ ጫማ ይበልጣል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የጂሙን ጫማ በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጭቃ በረገጠ ሶል ባር ስር መግባት መንሸራተት ነው።

5ኛ፦ በርጩማ ግዙ

ልካችሁን የምትቆርጡት በዚህ ነው። ሐሙስ ገበያ ውጡና የጅማ በርጩማ ፈልጉ፤ ባለ ሦስት እግሩን፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበውን። ቁመቱ ስለሚለያይ ሜትር ያዙ። መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው ከ30 እስከ 35 ሳንቲሜትር ይበቃል። እርግጠኛ ለመሆን ግን ተቀመጡበት። ጉልበታችሁ ከብሽሽታችሁ ከፍ ካለ ትክክለኛዋ እሷ ናት።

ሻጩ ይገርመዋል።

«አባቴ፣ ከዚህ ዝቅ የምትል የለችም?»

«ለቡና ነው ልጄ?»

«አይ፣ ለስፖርት ነው።»

«ቁጭ ብሎ ደግሞ ምን ስፖርት አለ!»

አሠራሩ እንዲህ ነው። በርጩማዋን ከኋላችሁ አድርጉ። ያለ ምንም ክብደት፣ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። መቀመጫችሁ ሲነካት ተነሱ። አትቀመጡ፣ አትረፉ፣ አትውደቁባት። ነክቶ መነሳት ብቻ። 3 ዙር፣ እያንዳንዱ 15 ጊዜ፣ ሳይንቀጠቀጡ መሥራት ስትችሉ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ለአንዳንዱ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ለሌላው የወር።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አትናወጥም። ጠርዟ ላይ ከተቀመጡ ግን ትገለበጣለች። ስለዚህ ባር ተሸክማችሁ በፍጹም አትጠቀሙባት። የእሷ ሥራ ያለ ክብደት ልክ ማስተማር ነው።

6ኛ፦ ካላማዳሪያ እሰሩ

ባር ሲመጣ የበርጩማዋን ሥራ የሚረከብ ነገር ያስፈልጋል። ጎሚስታ ቤት ሂዱና የተጣለ የብስክሌት ካላማዳሪያ ለምኑ። ረዘም አድርጋችሁ በቁመቱ ቁረጡት። የባር ማስቀመጫው ሁለት ቋሚ ብረቶች ላይ፣ በበርጩማዋ ከፍታ፣ ከኋላችሁ አግድም እሰሩት። ማስቀመጫው ለዚህ የማይመች ከሆነ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች እግር ላይ ይታሰራል።

ስትወርዱ መቀመጫችሁ ጎማውን ይነካል፣ ጎማው ይለጠጣል፣ ትነሳላችሁ። የሚሰበር ነገር የለም፣ የሚገለበጥም የለም። ጎማውን ያልነካ አይቆጠርም። ጓደኛ ካላችሁ እሱ ይቁጠር፤ የራሳችሁ ቆጠራ ቸር ነው።

7ኛ፦ ብረቱን መዝኑ፣ ከዚያ ቀንሱ

የጂሙን ባለቤት አስፈቅዳችሁ ብረቶቹን ወደ አንድ የእህል ወይም የቡና ነጋዴ ውሰዱ። «ጋሼ፣ ሚዛንዎን ለአፍታ ያውሱን» ቢባል እምቢ የሚል ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። እያንዳንዱ ላይ ትክክለኛውን ክብደት በቀለም ጻፉ። ሁለት «20» የተባሉ ብረቶች እኩል ካልሆኑ አንዱ ጎናችሁ ሁልጊዜ የበለጠ ይሸከማል ማለት ነው። ባሩንም መዝኑ። የውድድር ባር 20 ኪሎ ነው፤ በያጅ ቤት የተሠራው ምንም ሊሆን ይችላል።

አሁን ከባዱ ክፍል መጣ፤ ኩራት ላይ ነው የሚከብደው። እስከ ዛሬ ግማሽ ስኳት የምትሠሩ ከሆነ ስትጭኑት የነበረውን በግማሽ ቀንሱ። 80 ኪሎ ከነበረ በ40 ጀምሩ። ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ። ከታች ተነስቶ መውጣት ጭርሱኑ ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። ያልሠራችሁበት ቦታ ላይ ገና ጀማሪ ናችሁ።

ጭራሽ አዲስ ከሆናችሁ በባር አትጀምሩ። ማዳበሪያ ውስጥ 10 ኪሎ አሸዋ ሞልታችሁ አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ደረታችሁ ላይ እቀፉ። ክብደቱ ከፊት ስለሚሆን ጀርባችሁ ቀጥ እንዲል ያስገድዳችኋል። ለቤት ውስጥ ሥራም ከዚህ የተሻለ የለም።

8ኛ፦ አወራረዱ

ባሩ የሚያርፈው የትከሻችሁ ሥጋ ላይ ነው፣ አንገት አጥንት ላይ አይደለም። ፎጣ ካስፈለጋችሁ ቦታው ስቷል ማለት ነው። እግራችሁን በትከሻ ስፋት ክፈቱ፣ የእግር ጣቶቻችሁን ትንሽ ወደ ውጭ አዙሩ። ትክክለኛው ስፋት ከሰው ሰው ይለያያል። የዳሌ አጥንት አቀማመጥ አንድ አይደለም። አንዱ ጠበብ አድርጎ ይመቸዋል፣ ሌላው ሰፋ። ሞክሩና የሚያወርዳችሁን ያዙ።

ትንፋሽ ወደ ሆድ ሳቡ። ሆዳችሁን ቡጢ ሊመታችሁ እንደመጣ ሰው አጠንክሩ። ዳሌና ጉልበት አብረው ይታጠፉ። ለመውረድ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ውሰዱ። ጉልበታችሁ የእግር ጣቶቻችሁ ወደሚያዩበት አቅጣጫ ይሂድ። ከእግር ጣት አልፎ ወደ ፊት ቢወጣም አትፍሩ፤ ለሚወርድ ሰው የማይቀር ነው። ክብደቱ መላው እግራችሁ ላይ ይረፍ፣ ተረከዝም አውራ ጣትም መሬት ይንኩ። ታች ስትደርሱ አትንጠሩ። ጎማውን ነክታችሁ መሬቱን እየገፋችሁ ተነሱ። ትንፋሹን ከከባዱ ቦታ ካለፋችሁ በኋላ ልቀቁ።

ሦስት ነገር በቪዲዮ ተመልከቱ። ተረከዝ ከተነሳ ወደ 4ኛው ተመለሱ። ስትነሱ ጉልበት ወደ ውስጥ ከገባ ክብደቱ በዝቷል፤ ቀንሱ። ታች ላይ ወገባችሁ ከጎበጠ ደግሞ ከምትችሉት በላይ ወርዳችኋል። ትንሽ መጎበጥ የተለመደ ነው። በግልጽ የሚታይ ከሆነ ጎማውን 3 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉትና ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ዝቅ አድርጉ። የእያንዳንዱ ሰው «ሙሉ» የሚያበቃው ወገቡ ቀጥ ብሎ እስከሚወርድበት ድረስ ነው።

ስለ ደኅንነት ሁለት ቃል። የብዙ ጂም ማስቀመጫ ሁለት ቋሚ ብረት ብቻ ነው፤ ባር ቢያመልጥ የሚቀበል የጎን ብረት የለውም። እንደዚያ ከሆነ አቅማችሁ እስኪያልቅ አትሥሩ። አንድ ሁለት ማንሳት ሲቀራችሁ መልሱት፤ ሁለት ጓደኛ ደግሞ በግራና በቀኝ ይቁም። መብራት ሲሄድ ደግሞ መደናገጥ የለም። ባሩ ላያችሁ ላይ ካለ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ አንድ ሰው የስልክ መብራት እስኪያበራ ጠብቁ። በጨለማ ማስቀመጫ መፈለግ አደገኛ ነው።

9ኛ፦ ግማሹን በቦታው ተጠቀሙ

አሁን ወደ ጠባቡ ቦታ መጣን።

አንደኛው ቦታ የዙሩ መጨረሻ ነው። እግር ማሳደግ ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅመው ግማሽ የታችኛው ግማሽ ነው፣ የላይኛው አይደለም። የብራዚል ተመራማሪዎች በእግር መዘርጊያ ማሽን ላይ ጡንቻው በተለጠጠበት ክፍል ብቻ ያሠሯቸውን ሴቶች ከላይኛው ክፍል ከሠሩት ጋር አነጻጽረው ነበር። የተለጠጠበት ክፍል የበለጠ አሳደገ። ስኳት ላይ ይህን የምታመጡት እንዲህ ነው። እስከ ጎማው ውረዱ፣ እስከ ግማሽ ተነሱ፣ እንደገና እስከ ጎማው ውረዱ፣ ከዚያ ሙሉ ተነሱ። ይህ «አንድ ተኩል ስኳት» ነው፤ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ከ6 እስከ 8 ጊዜ። ክብደቱ ከተለመደው በጣም ይቀንስ። አሸዋ የታቀፈ ሰው ቢሠራው ይሻላል፤ አቅም ሲያልቅ ማዳበሪያውን መጣል ይቻላል። እግራችሁ ይቃጠላል፤ ደረጃ መውረድ የሚያስጠላችሁ በማግስቱ ነው።

ሁለተኛው ቦታ የታመመ ጉልበት ወይም ዳሌ ነው። ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ሕመም እስከሌለበት ድረስ ብቻ ይወረዳል። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ጀምሩና በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ዝቅ በሉ። ይህ ሰው ግማሽ ሠራ ተብሎ አይነቀፍም።

ሦስተኛው ቦታ የኳስ ተጫዋች ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳበት ከተማ ውስጥ ነው ያለነው፤ ጂም ውስጥም ኳስ ተጫዋች አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የኮሌጅ አትሌቶችን ለ16 ሳምንት ሲያሠራ፣ ሩብ ስኳት የሠሩት በዝላይና በአጭር ርቀት ሩጫ ከሁሉም በልጠዋል። ምክንያቱም ጉልበት የሚጠነክረው በሠራበት ማዕዘን ነው፤ ስንዘልና ስንሮጥ ደግሞ ጉልበታችን ጥቂት ነው የሚታጠፈው። ግን ልብ በሉ። እነዚያ አትሌቶች ቀድሞውንም ስኳት የለመዱ ናቸው፤ የተለካውም ዝላይና ፍጥነት እንጂ የጡንቻ መጠን አይደለም። ስለዚህ ኳስ ተጫዋች ከሆናችሁ ሙሉውን መሠረት አድርጋችሁ፣ ውድድር ሲቃረብ ሩቡን ጨምሩ። «እሱም እኮ ሩብ ነው የሚሠራው» ብሎ ሙሉውን መተው ግን አይሆንም።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ግማሽ ስኳት አብዛኛውን ጊዜ ለተመልካች የሚሠራ ነው። ሩብ ላይ ደግሞ ሰው የማይገባውን ጭነት ይሸከማል፤ ያ ጭነት የሚያርፈው ወገብ ላይ ነው።

10ኛ፦ ሳምንቱን እንዲህ ክፈሉት

በሳምንት 2 ቀን ይበቃል፤ በመካከል ቢያንስ 2 ቀን እረፍት ይኑር። ሰኞና ሐሙስ እንበል። ሐሙስ ገበያ የሚውል ሰው ወደ አርብ ያሽሸው።

ሰኞ የከባዱ ቀን ነው። በባዶ ባር ሁለት ዙር አሟሙቁ፤ ከዚያ በሥራ ክብደታችሁ ግማሽ አንድ ዙር። ቀጥሎ ሙሉ ስኳት 4 ዙር፣ እያንዳንዱ ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ በመሀል 3 ደቂቃ እረፍት። ከዚያ ለኋላ ጭን ሮማንያን ዴድሊፍት 3 ዙር ከ8 እስከ 10 ጊዜ። ባሩን ይዛችሁ፣ ጉልበት ትንሽ ሰበር ብሎ፣ ዳሌያችሁን ወደ ኋላ እየገፋችሁ ባሩን ጭናችሁን እያስታከካችሁ አውርዱ፤ የኋላ ጭናችሁ ሲወጠር ተመለሱ። መጨረሻ ላይ ለባት፣ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ማውረድና ማንሳት፣ 3 ዙር 12 ጊዜ።

ሐሙስ ቀለል ይላል። አሸዋ አቅፎ ሙሉ ስኳት 3 ዙር ከ10 እስከ 12 ጊዜ። ላንጅ፣ ማለትም አንድ እግርን ወደ ፊት ተራምዶ ዝቅ ብሎ መነሳት፣ ለእያንዳንዱ እግር 2 ዙር 10 ጊዜ። ከዚያ ከላይ የነገርኳችሁ አንድ ተኩል ስኳት 2 ዙር። በቃ።

ክብደት የምትጨምሩት በ4ቱም ዙር 8 ጊዜ ጎማውን ነክታችሁ ስትነሱ ብቻ ነው። ያኔ በያንዳንዱ ጎን 2.5 ኪሎ ጨምሩና ወደ 6 ጊዜ ተመለሱ። ጂሙ ትንሽ ብረት ከሌለው፣ አብዛኛው የለውም፣ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ መሆኑን አስታውሱ። በሁለት ጠርሙስ እኩል ሞልታችሁ ከባሩ ጫፍና ጫፍ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ያስቃል፣ ይሠራል። ደብተር ያዙና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ክብደት፣ ብዛት፣ የጎማው ከፍታ። ሦስተኛው ከተለወጠ ሁለቱን ከድሮው ጋር አታነጻጽሩ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ጡንቻ ለመጨመር ለአንድ ኪሎ ክብደታችሁ በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃል። 65 ኪሎ ለሆነ ሰው ወደ 100 ግራም ነው። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም አለው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ወተት ቀሪውን ይሞላሉ። በጾም ጥራጥሬውን እጥፍ አድርጉ። በረመዳን ከባዱን ቀን ከኢፍጣር በኋላ አዛውሩት።

ጫትን በተመለከተ ደግሞ ከሰዓት ቅመው ማታ ባር ስር የሚገቡ ልጆችን አያለሁ። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የልብ ምት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። እግር የሚያድገው ደግሞ በልቶ ለተኛ ሰው ነው። ቢያንስ የስኳት ቀን ይለፋችሁ።

ከ12 ሳምንት በኋላ ጭናችሁን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ፤ ከጉልበት ሎሚ ወደ ላይ 20 ሳንቲሜትር ላይ፣ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት። የግድግዳውንም ፈተና ድገሙት። ቁርጭምጭሚታችሁ ከፈታ ጣውላውን አውጡና ጎማውን 2 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ክብደቱንም ለሁለት ሳምንት ያህል በ10 በመቶ ቀንሱት።